ጆን ፎን ኖይማን፤ የትምህርት ምርጫና የኮምፒዩተር ልደት

አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያመራ ወላጆቹ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለሚማረው ነገር ጥልቀት ሳይሆን ትምህርቱ እንጀራ የሚያበላ ስለ መሆን አለመሆኑ ነው። ይህ ሥጋት የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ሳይንስ በዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል፤ ይኸውም መሣሪያውን ማሠራት በአጭር ሥልጠና የሚገኝ ችሎታ ከሆነ፣ ንድፈ ሐሳቡን ለማወቅ በዩኒቨርሲቲ ዓመታት ማሳለፍ ስለ ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ሕይወት ብቻውን የተሟላ መልስ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚባል የትምህርት ክፍል ባልነበረበት ዘመን ተምሮ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበትን አወቃቀር በጽሑፍ ያሰፈረው የጆን ፎን ኖይማን ታሪክ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የአባት ሥጋት

በኋላ በአሜሪካ ጆን ተብሎ የተጠራው ያኖሽ ኖይማን ዲሴምበር 28 ቀን 1903 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ሲሆን፣ አባቱ ማክስ ኖይማን የታወቀ የባንክ ሰው፣ እናቱ ማርጊት ካን ደግሞ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተገኘች ነበረች። እሱም ከሦስት ወንድማማቾች የበኩሩ ነው። በ1913 አባቱ የመኳንንት ማዕርግ ስለ ተሰጠው፣ ልጁ ከጊዜ በኋላ ስሙን በጀርመንኛ ሲጽፍ ማዕርጉን የሚያመለክተውን ፎን የሚለውን ቃል ይጨምርበት ጀመር።

በ1914 ወደ ከተማው የሉተራን ጂምናዚየም ገባ። ይህ ትምህርት ቤት በመምህራኑ ብቃት የተመሰገነ ነበር፤ በ1963 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዩጂን ዊግነርም በዚያው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ቀድሞት ይማር ነበር። የሒሳብ መምህሩ ላስሎ ራትስ የልጁን ተሰጥኦ ለመገንዘብ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ወደ አባቱም ቀርቦ፣ ልጁ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት በተጨማሪ ከዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዘንድ ለብቻው እንዲማር አሳሰበ። በዚህም መሠረት ጋቦር ሴጎና ሚሃይ ፈኬቴ የተባሉት የሒሳብ ሊቃውንት አስተማሩት። ከፈኬቴ ጋር በኅብረት ያዘጋጀው የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፉ በ1922 ሲታተም ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ምን መማር እንዳለበት ሳይታለም የተፈታ ሊመስል ይችላል። ለአባቱ ግን እንዲህ አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሀንጋሪን አፈራርሷት አልፏል። በ1919 የቤላ ኩን መንግሥት ለ133 ቀናት ሥልጣን በያዘ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ኦስትሪያ ለመሸሽ ተገድዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ በ1920 ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን አይሁዳውያን ቁጥር በሕግ ወሰነ። በእንዲህ ያለ ዘመን የሒሳብ ሊቅ መሆን ለማክስ ኖይማን ክብር ያለው፣ ነገር ግን ጎጆ የማያቆም ሥራ ነበር። ስለዚህም በኋላ በበረራ ሳይንስ ስመ ጥር የሆነውን የአገሩን ልጅ ቴዎዶር ፎን ካርማንን አግኝቶ፣ ልጁን መክሮ ከሒሳብ እንዲመልስለት ጠየቀው። በመጨረሻም አባትና ልጅ በአንድ አማካይ ሐሳብ ተስማሙ፤ ይኸውም ልጁ በጊዜው ብዙ ሥራ የሚገኝበትን የኬሚካል ምሕንድስና እንዲማር፣ ሒሳቡንም ከዚሁ ጎን ለጎን እንዲከታተል ነው።

ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ

ከ1921 ጀምሮ የወጣቱ ኑሮ በሦስት ከተሞች የተከፋፈለ ሆነ። በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ፤ ነገር ግን በንግግር ክፍለ ጊዜ ሳይገኝ፣ የፈተና ወራት ሲደርስ ብቻ እየመጣ ይፈተን ነበር። በበርሊን ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተማረ። በ1923 በስዊትዘርላንድ ዙሪክ ወደሚገኘው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የመግቢያ ፈተና አልፎ ገባ። በ1926 ከዙሪክ በኬሚካል ምሕንድስና ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት ከቡዳፔስት በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ።

የዶክትሬት ጥናቱ ርእስ በአባቱ ዓይን ሲታይ ከእንጀራ እጅግ የራቀ ነበር። ጥናቱ የስብስብ ንድፈ ሐሳብን ከጥቂት መነሻ እውነቶች በመጀመር እንዴት ያለ ቅራኔ መገንባት እንደሚቻል የሚመረምር ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በርትራንድ ራስል በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ከባድ ቅራኔ እንዳለ አሳይቶ ስለ ነበር፣ የሒሳብ ሁሉ መሠረት ተናግቷል የሚል ሥጋት በሊቃውንቱ ዘንድ አድሮ ነበር። በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳቪድ ሂልበርት ሒሳብን በሙሉ በጥብቅ የምልክትና የደንብ ሥርዓት አስቀምጦ፣ ሥርዓቱ ቅራኔ የሌለበት መሆኑን የማረጋገጥ ዓላማ አንሥቶ ይሠራ ነበር። ፎን ኖይማንም በ1926 ወደ ጎቲንገን ሄዶ ከዚህ ሊቅ ጋር ለመሥራት በቃ።

ይህ ታላቅ ዓላማ ግን ብዙ አልቆየም። በ1930 በኮኒግስበርግ በተደረገ ጉባኤ ላይ ኩርት ጎደል የተባለ ወጣት፣ መሠረታዊ የቁጥር ሒሳብን ያቀፈና ቅራኔ የሌለበት ማንኛውም እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊያረጋግጣቸውም ሊያፈርሳቸውም የማይችል ዐረፍተ ነገሮች እንደሚኖሩት አስታወቀ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የነገሩን ክብደት ወዲያው ከተረዱት ጥቂቶች አንዱ ፎን ኖይማን ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከግኝቱ የሚከተለውን ሁለተኛ ውጤት በራሱ ደርሶበት ለጎደል ጻፈለት፤ ሆኖም ጎደል ቀድሞ ደርሶበት ነበር። ወጣትነቱን የሰጠለት ዓላማ በሌላ ወጣት ሥራ ሲፈርስ ፎን ኖይማን አልተከራከረም። እውነቱን ተቀብሎ የጎደልን ሥራ ለሌሎች ማስተማር ጀመረ።

ከንቱ የመሰለው ይህ ጥናት ፍሬ ያፈራው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1936 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ከሂልበርት ጥያቄዎች አንዱን ሲመረምር፣ የተጻፈለትን ትእዛዝ እያነበበ ማንኛውንም ስሌት ሊያከናውን የሚችል ምናባዊ መሣሪያ በወረቀት ላይ ነደፈ። ቱሪንግ ከ1936 እስከ 1938 በአሜሪካ በፕሪንስተን ተምሯል። ከ1930 ጀምሮ በዚያው ከተማ ያስተማረውና በ1933 ከአልበርት አይንስታይን ጋር በከፍተኛ ጥናት ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያዎቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ የሆነው ፎን ኖይማን ረዳቱ እንዲሆን ጠይቆት ነበር። ቱሪንግ ግን ወደ አገሩ መመለስን መረጠ። ከዚህ እንደሚታየው የኮምፒዩተር ሐሳብ የተጸነሰው በፋብሪካ ወይም በንግድ ቤት ሳይሆን፣ ስለ ሒሳብ መሠረት በተነሣ ንጹሕ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ውስጥ ነው።

የጦርነቱ ዘመን ስሌት

ፎን ኖይማን በ1937 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የፍንዳታና የግፊት ሞገድ ስሌት ዐዋቂ በመሆኑ በልዩ ልዩ ወታደራዊ ድርጅቶች ይፈለግ ጀመር። በ1943 ወደ ሎስ አላሞስ ተጠርቶ የአቶሚክ ቦምብ ከሚሠሩት ሊቃውንት ጋር ተቀላቀለ። በዚያም የፕሉቶኒየም ኳስን በዙሪያው በተደረደሩ ፈንጂዎች እኩል ጨፍልቆ የማፈንዳቱን ዘዴ በማጥናት ከፍ ያለ ድርሻ አበረከተ። የጥናቱ እኩልታዎች በብዕርና በወረቀት የሚፈቱ አልነበሩም። በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መኪናና በአይ.ቢ.ኤም. የካርድ መሣሪያዎች ሌት ተቀን ቢሠራም ስሌቱ ከችግሩ ጋር እኩል ሊራመድ አልቻለም።

በ1944 በጋ በአበርዲን የባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ፣ ኸርማን ጎልድስታይን የተባለ የሒሳብ ምሁርና የጦር መኮንን ቀርቦ አነጋገረው። በጨዋታቸው መካከል ጎልድስታይን በፊላደልፊያ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሙር ምሕንድስና ትምህርት ቤት እየተሠራ ስላለ የኤሌክትሮኒክስ የስሌት መሣሪያ ነገረው። ኤኒያክ የተባለው ይህ መሣሪያ ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት የነደፉት ሲሆን፣ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ ክብደቱ 30 ቶን ያህል ሆኖ በአንድ ሴኮንድ 5,000 ድምሮችን ለመሥራት የሚችል ነበር። ፎን ኖይማን ወሬውን እንደ ሰማ ወደ ፊላደልፊያ መመላለስ ጀመረ።

ኤኒያክ ፈጣን ቢሆንም አንድ ዐቢይ ጉድለት ነበረበት። ከአንድ ችግር ወደ ሌላ ችግር ለማዛወር ሽቦዎቹን ነቅሎ እንደገና መሰካትና ብዙ ማብሪያዎችን ማስተካከል ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። በሴኮንድ የሚያልቅ ስሌት ለዝግጅቱ ብቻ ቀናት መውሰዱ ነው ኤከርትን፣ ሞክሊንና ጓደኞቻቸውን ኤድቫክ የተባለ ሌላ መሣሪያ ወደ ማሰብ የመራቸው። ፎን ኖይማንም በዚህ ውይይት ተካፋይ ሆነ።

ስሙ ብቻውን የቆመበት ሪፖርት

ጁን 30 ቀን 1945 የተጻፈው የኤድቫክ ረቂቅ ሪፖርት 101 ገጽ አለው። በእነዚህ ገጾች ፎን ኖይማን መሣሪያውን በአምስት ክፍሎች ከፍሎ ያቀርባል፤ እነርሱም የስሌት ክፍል፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ የማስታወሻ ክፍል፣ የማስገቢያ ክፍልና የማውጫ ክፍል ናቸው። ዋናው ቁም ነገር መሣሪያው የሚፈጽማቸው ትእዛዞችና የሚያሰላቸው ቁጥሮች በአንድ የማስታወሻ ክፍል በአንድ ዓይነት ምልክት መቀመጣቸው ነው። ይህ ከሆነ ሽቦ መንቀል አያስፈልግም፤ አዲስ ሥራ ለማሠራት አዲስ ትእዛዝ ማስገባት ብቻ ይበቃል።

ሪፖርቱ ስለ ቱቦና ስለ ሽቦ ብዙ አይናገርም። ክፍሎቹን በሚያከናውኑት ተግባር ብቻ በመግለጽ፣ ከነርቭ ሳይንስ የተወሰዱ ስያሜዎችን ይጠቀማል። ስለ ሥርዓት አወቃቀር በምልክትና በደንብ ማሰብን ከሎጂክ የተማረ ሰው ብቻ በዚህ መንገድ ሊጽፈው ይችል ነበር። በሌላም በኩል የምሕንድስና ትምህርቱ ሐሳቡን ከሚሠራ ነገር ጋር እንዲያገናኝ ረድቶታል። አባቱ እንጀራ ይሆነዋል ብሎ ያስመረጠው ትምህርትና ልጁ ከልቡ የወደደው ትምህርት በዚህ ሪፖርት ተገናኙ ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ያለ እንከን አልነበረም። ጎልድስታይን አባዝቶ ሲያሰራጨው በሽፋኑ ላይ የሠፈረው የፎን ኖይማን ስም ብቻ ነበር። ትእዛዝን በማስታወሻ ክፍል የማኖሩ ሐሳብ ከእሱ መምጣት አስቀድሞ በሙር ትምህርት ቤት ይነሣ ስለ ነበር፣ ኤከርትና ሞክሊ ድካማቸው እንደ ተወሰደባቸው ቈጠሩት። በ1947 የጦር ሠራዊቱ የሕግ ባለሙያዎች ሪፖርቱ ለሕዝብ እንደ ወጣ ጽሑፍ ስለሚቈጠር ሐሳቡ በፓተንት ሊያዝ እንደማይችል ወሰኑ። ለኤኒያክ የተሰጠውም ፓተንት በ1973 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተሽሯል። በዚህ ነገር ሁለት ልማዶች ተጋጭተዋል፤ የምሁራን ልማድ ሐሳብን ለሁሉ ማካፈል ሲሆን፣ የመሐንዲሱ ልማድ የፈጠራ ባለቤትነትን ማስከበር ነው። የሐሳቡ በነጻ መሰራጨት ለዓለም ጠቅሟል። ነገር ግን የሠሩትን ሁሉ በስማቸው አለማንሣት የሚያስከትለው ቅሬታ በአንድ ትውልድ የማያልቅ መሆኑም ታይቷል። በሙያ ማኅበር ለተሰባሰቡ ሰዎች ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

የፕሪንስተኑ መሣሪያ

ከጦርነቱ በኋላ ፎን ኖይማን የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ብቻ በሚገኙበት በፕሪንስተኑ ኢንስቲትዩት ኮምፒዩተር ለመሥራት ተነሣ። ሐሳቡ ብየዳና ሽቦ የማያውቀውን ግቢ ያስደነቀ ቢሆንም፣ ከመንግሥትና ከኢንዱስትሪ ገንዘብ ተገኝቶ ሥራው ተጀመረ። ዋናው መሐንዲስ ጁሊያን ቢግሎው ነበር። በ1952 በይፋ የተመረቀው ይህ መሣሪያ የማስታወሻ ክፍሉ እያንዳንዳቸው 40 ቢት የሆኑ 1,024 ቃላትን ብቻ የሚይዝ ነበር። ይህ መጠን ዛሬ አንድን ትንሽ ፎቶግራፍ እንኳ አይበቃም። ንድፉና ዘገባዎቹ ለማንም ክፍት ስለ ነበሩ ግን በልዩ ልዩ የአሜሪካ ተቋማት፣ በስዊድን፣ በአውስትራሊያና በእስራኤል ተመሳሳይ መሣሪያዎች ተሠሩ።

መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ፎን ኖይማንና ጎልድስታይን የችግር አቀናበርን በሥዕል የማሳየት ዘዴን የሚያስተምሩ ሪፖርቶች አወጡ። በ1947 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በየስሌቱ የሚቈረጡ ጥቃቅን አሃዞች ተጠራቅመው ውጤቱን ምን ያህል ሊያዛቡ እንደሚችሉ መረመሩ። ይህ ዐቢይ ነጥብ ነው። መሣሪያው ምንጊዜም አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ የሚታመን መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን መሣሪያው ሳይሆን ሒሳቡን የተማረ ሰው ነው። ፎን ኖይማን በ1945 ለኤድቫክ ያዘጋጀው፣ መረጃን ከፋፍሎ በመደርደርና በማዋሐድ ቅደም ተከተል የሚያስይዝ ዘዴም እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል።

በ1950 ጁል ቻርኒና ባልደረቦቹ ከፎን ኖይማን ጋር በመተባበር በኤኒያክ ላይ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር የአየር ጠባይ ትንበያ አካሄዱ። የ24 ሰዓቱን ትንበያ ለማስላት 24 ሰዓት ያህል ፈጀ። ትንበያው ነገ ከመድረሱ በፊት የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም መንገዱ ተከፈተ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የባለቤቱ የክላራ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። በ1938 ያገባት ክላራ ዳን ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ የሒሳብ ትምህርት ሳይኖራት ፕሮግራም መጻፍን ተምራ፣ በ1948 በኤኒያክ ላይ ለተካሄዱት የሎስ አላሞስ ስሌቶች ትእዛዞቹን ከጻፉት አንዷ ሆነች። ስለሆነም ዲግሪ የሌለው ሰው ለዚህ ሙያ አይበቃም ማለት ስሕተት ነው። ክላራ የተማረችው ግን የሙያውን መሥራቾች ዕለት ዕለት እየጠየቀች ነበር። ይህን የመሰለ ዕድል ለጥቂቶች ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ዕድሉን ለብዙዎች ለማዳረስ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የፎን ኖይማን ዕውቀት የዋለው ለሰላም ብቻ አይደለም። በ1945 በጃፓን ቦምብ የሚጣልባቸውን ከተሞች ከመረጠው ኮሚቴ አባላት አንዱ ነበር። ያጠናውም የፍንዳታ ዘዴ በናጋሳኪ ላይ በወደቀው ቦምብ ውስጥ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላም ለሃይድሮጂን ቦምብ ስሌት ሠርቷል፤ በሶቪየት ኅብረትም ላይ እጅግ የከረረ አቋም ነበረው። በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ከፍተኛ ትምህርት ሰውን ኃያል እንደሚያደርገው እንጂ ኃይሉን ለምን እንደሚያውለው በራሱ እንደማይነግረው ግልጽ ይሆናል።

በዚያው በ1955 በካንሰር መያዙ ታወቀ። ብዙም ሳይቆይ በተሽከርካሪ ወንበር ለመንቀሳቀስ ተገደደ። ለየል ዩኒቨርሲቲ ሊያቀርበው ያዘጋጀውን፣ ኮምፒዩተርንና የሰውን አእምሮ የሚያነጻጽረውን ተከታታይ ንግግር ሳይጨርሰው ቀረ፤ ጽሑፉም ከሞቱ በኋላ በ1958 ታተመ። በማሰብ ብቻ የኖረ ሰው የማሰብ ኃይሉ ሲደክም ማየት ለወዳጆቹ ከባድ ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 በዋሽንግተን ዋልተር ሪድ ሆስፒታል በ53 ዓመቱ ዐረፈ፤ በፕሪንስተንም ተቀበረ። ኢንስቲትዩቱ ያለ እሱ ሥራውን ሊቀጥል ስላልፈለገ መሣሪያው በ1958 ሥራውን አቆመ።

በሕይወት ሳለ የኮምፒዩተር ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ገና መጀመሩ ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዲፕሎማ መስጠት የጀመረው በ1953 ሲሆን፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1962 ነው። ፎን ኖይማን ከሒሳብ፣ ከሎጂክና ከምሕንድስና ለየብቻው እየለቀመ ያጠራቀመው ዕውቀት ዛሬ ለአንድ ተማሪ በአንድ ክፍል ተጠቃልሎ ይቀርብለታል።

ስለዚህ አንድ ወጣት ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚማርበት ምክንያት ሲጠየቅ ሁለት መልሶች አብረው መቅረብ ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው የማክስ ኖይማን መልስ ነው፤ ትምህርቱ ሥራ ያስገኛል፤ ለቤተሰቡ ኑሮ የሚያስብን አባትም ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ሁለተኛው ግን ከልጁ ሕይወት የሚገኝ ነው። ኤኒያክ የለም፤ የፕሪንስተኑ መሣሪያ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል፤ በእነርሱ ላይ ሽቦ መሰካትን ብቻ ያወቀ ሰው ቢኖር ሙያው ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ አልፏል። ትእዛዝና ቁጥር በአንድ ማስታወሻ ይኑሩ የሚለው ሐሳብ፣ የድርደራው ዘዴና የስሕተቱ ምርመራ ግን ዛሬም ይሠራሉ። መሣሪያ በየጊዜው ይለወጣል፤ ተማሪውም በዩኒቨርሲቲ ዓመታቱ ሊሸምተው የሚገባው መሣሪያው ሲለወጥ የማይለወጠውን ነው።